ጋሼ የለኩት ወንበር

ጋሼ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ቦሌ ሚካኤል ግቢያቸው ውስጥ በገዛ እጃቸው ስፖርት መኪና ይሠሩ ነበር። እስካሁን ሞተርም ቦዲም የለውም፤ የተበየደ ሻንሲ፣ መሪ፣ ፔዳልና ሁለት ወንበር ብቻ ነው። እሁድ እሁድ ልጠይቃቸው ስሄድ፣ ገና ሰላም ሳንባባል፣ «ነይ ግቢ፣ ዛሬ ወዴት እንሂድ?» ይሉኛል።

«ላንጋኖ፣ ጋሼ።»

ረጅሙ ጋሼ ጉልበታቸውን መሪው ሥር አጥፈው ይቀመጣሉ፤ እኔ ከጎናቸው እቀመጣለሁ፤ እግራችን ሣሩ ላይ፣ ዓይናችን ጭፍን። በላያችን የሚያልፈው አውሮፕላን ሞተር ይሆነናል። ትንሽ ቆይቶ ሐይቁ በእውነት ይሸተኛል። «ስንመለስ» ሜትራቸውን አውጥተው እግሬን ይለኩና በጠመኔ ብረቱ ላይ ይጽፋሉ።

«ኧረ ጋሼ፣ ሠላሳ ዓመቴ እኮ ነው፤ ከእንግዲህ አላድግም!» ስላቸው ሜትራቸውን እየጠቀለሉ ይስቃሉ።

የአርባ ቀን መታሰቢያቸው ባለፈ ማግስት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሳቸው ወንበር ተቀመጥኩ። እንደዚያ ረጅም ስለነበሩ እግሬ ፍሬኑ ጋ አይደርስም ብዬ ነበር። ደረሰ። ሻንሲውን ቆርጠው፣ ፔዳሎቹን ወደ ወንበሩ አስጠግተው፣ በእኔ ልክ መልሰው በይደውታል። ለካስ ያን ሁሉ እሁድ ጉልበታቸውን መሪው ሥር አጥፈው የተቀመጡት ለዚህ ኖሯል።

አውሮፕላን በላዬ አለፈ። ወደ ባዶው ወንበር ዞሬ፣ «ይግቡ ጋሼ፣ ዛሬ ወዴት እንሂድ?» አልኩ።