የሚስ ካሮል መርዶ

ዛሬ ምሳ ላይ የልጅ ልጄ ሜሮን ስልኳን እየነካካች፣ ቀና እንኳን ሳትል፣ "እማማ፣ የአርሲ ነገሌዋ የአክስትሽ ልጅ አርፈዋል፤ ፎቷቸው ወጥቷል" አለችኝ። ማልቀስ አቃተኝ፤ መቀመጥም አቃተኝ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ግቢውን ስዞር፣ ያልደረቀ ልብስ ከገመድ ሳወርድና መልሼ ሳሰጣ ዋልኩ። ልጅቷ ክፉ አይደለችም፤ ያየችውን ነው የነገረችኝ። ግን መርዶ እንዲህ ነው እንዴ?

ይሄኔ ነው ሚስ ካሮል ትዝ ያለችኝ። አዳማ ናዝሬት በምትባልበት ዘመን፣ እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ፣ እንግሊዝኛ የምታስተምረን ይህች አሜሪካዊት ግቢያችን ውስጥ ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። በሰፈሩ ሬዲዮ የነበረው አባቴ ብቻ ነው። ሬዲዮው እናቴ የሠራችው ዳንቴል ለብሶ ቁም ሳጥኑ ላይ ይቀመጣል፤ የዜና ሰዓት ሲደርስ ጎረቤቱ በርጩማውን ይዞ ከች ይላል። የአሜሪካ ወሬ ሲነሳ ሁሉም ወደ ሚስ ካሮል ይዞራል። እሷም በተሰባበረ አማርኛዋ ምርጫው እንዴት እንደሚካሄድ፣ ጥቁሮቹ ለምን አደባባይ እንደወጡ ታስረዳናለች። የአገሯን ፕሬዚዳንት ፎቶ ግድግዳዋ ላይ ሰቅላ ነበር። ማን እንደሆነ ስትጠየቅ "ወደዚህ የላከኝ እሱ ነው" አለች። ከዚያ ወዲያ ሰውየው ለእናቴና ለጎረቤቶቿ የሚስ ካሮል ዘመድ ሆነ፤ ባገኟት ቁጥር ደህንነቱን ይጠይቋታል።

ኅዳር ውስጥ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሬዲዮው ፕሬዚዳንቱ በጥይት መገደላቸውን ተናገረ። ሚስ ካሮል ገና አልተነሳችም። አባቴ ሬዲዮውን ዘጋው። እንንገራት ብል እናቴ ተቆጣችኝ። መርዶ የሚነገረው ሊነጋጋ ሲል፣ ሰው ተሰብስቦ ነው፤ የዛሬው ሰዓት አልፏልና እስከ ነገ ትቆይ ተባለ። እስከዚያ ከሬዲዮና ከወሬኛ ማራቅ የእኔ ሥራ ሆነ። ደራ ገበያ ይዣት እንድሄድ ታዘዝኩ።

አውቶቡሱ አዋሽን ሲሻገር ሚስ ካሮል በመስኮት አንገቷን አውጥታ ታንጎራጉራለች። ጤፉ ታጭዶ ነፋሱ ገለባ ያበናል። እኔ በየፌርማታው የሚሳፈረውን ሰው አፍ አፉን አያለሁ። ደራ ስንደርስ ሸንኮራ ገዛን፤ ጭማቂው በአገጯ ሲወርድ ትስቃለች። ከዚያ ሻይ ካልጠጣሁ አለች። ሻይ ቤቱ ውስጥ ሬዲዮ ይጮሃል። ቀድሜያት ገባሁና መርዶዋን ገና እንዳልሰማች ለባለቤቱ በኦሮምኛ ነገርኩት። ምንም ሳይጠይቅ ዘጋው። ሰዎቹ ሁሉ ብድግ ብለው ወንበር ለቀቁላት።

"ዛሬ ሰው ሁሉ ምን ሆኗል?" አለችኝ።

ሙቀቱ ነው አልኳት።

እሁድ ጎህ ሲቀድ ቤተሰቡና ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ በሯን አንኳኳ። አባቴ ነገራት። መቼ እንደሰማን ጠየቀች፤ ትናንት ጠዋት ሲላት ወደ እኔ ዞረች።

"ስስቅ ዝም ብለሽ ታይኝ ነበር?"

እናቴ ናት የመለሰችላት፦ "ለብቻሽ እንዳትሰሚው ብለን ነው፣ ልጄ።"

"በእኛ አገር ሰው ወዲያው ይነገረዋል። የትናንቱ ቀን የእኔ ነበር፤ ወሰዳችሁብኝ" አለች።

በሩን ልትዘጋብን ነበር፤ ሴቶቹ ግን ገብተው ማልቀስ ጀምረዋል። ለማያውቁት ሰው ነው የሚያለቅሱት፤ እንባቸው ግን የእውነት ነበር። በሩን ለቀቀችና እናቴ ትከሻ ላይ ወደቀች። እስከ ሰልስቱ ድረስ ጎረቤቱ ንፍሮ ይዞ ተመላለሰ። እኔ ግን ልቤ እሷ ጋ ነበር። በእሷ ቦታ ብሆን ወዲያው መስማት እመርጥ ነበር፣ ለእኔም እንዲሁ ይነገረኝ እያልኩ አረጀሁ።

ዛሬ እንደዚያ ተነገረኝ። ማምሻውን ሜሮንን ጠራኋት፤ ነገ ሊነጋጋ ሲል አባቷንና ጎረቤቶቹን ይዛ መጥታ እንድትቀሰቅሰኝ ነገርኳት።

"እማማ፣ አውቀሻል'ኮ" አለችኝ።

"ማወቁንስ አውቄያለሁ። መርዶዬን ግን ገና ማንም አላረዳኝም።"

ስልኳን አስቀመጠችና ነጠላዋን ፍለጋ ገባች።