የማር ውርርድ

ንፋስ መውጫ ላይ መጻሕፍት የምታከራየው ማንአለሽ የሽማግሌውን ስም አታውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋቢያቸውን በካፖርታቸው ላይ ደርበው፣ የተከራዩትን መጽሐፍ በፌስታል ጠቅልለው ይመጣሉ። የሚወስዱት ያንኑ ማለቂያ የሌለውን፣ ስለ አንድ ጠበቃና ስለ አንድ ዳኛ የሚተርከውን ተከታታይ የወንጀል ታሪክ ነው፤ አሁን ዘጠነኛው ክፍል ላይ ደርሰዋል።

ከሱቋ ደጃፍ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ የዚህ ታሪክ አንባቢ ሁሉ ተቀምጦ ይከራከራል። ሽማግሌው ግን እንደ ድሮ ተሟጋች ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ ጋቢያቸውን አደግድገው ነው የሚናገሩት።

"ጠበቃው ንጹሕ ሰው ነው! ገዳዩ እሱ ነው የምትለው ባለቤቴ ናት፤ እንደ ጥንቱ ሙግት በማር ተወራርደናል።"

"አባባ፣ ጠበቃው ዘመድዎ ነው እንዴ?" ይላቸዋል ባጃጅ ነጂው ጌትነት፤ ሁሉም ይስቃል፤ እሳቸውም ይስቃሉ።

ዛሬ አንድ ማሰሮ ማር ታቅፈው መጡ።

"ተረታሁ! ገዳዩ ራሱ ጠበቃው ሆኖ ተገኘ። እንኪ ልጄ፣ ለተከራካሪዎቹ አካፍያቸው።"

"ያሸነፉት እትዬ አይደሉም እንዴ? ለእሳቸው ይውሰዱላቸው እንጂ።"

"እሷማ አራተኛውን ክፍል ሳላነብላት ነው ያረፈችው" አሉ፣ ፌስታሉን በጥንቃቄ እያጣጠፉ።

ማንአለሽ ማሰሮውን በሁለት እጇ ተቀበለች።

"በይ አሥረኛውን አምጪው" አሉ ሽማግሌው ፈገግ ብለው። "ዳኛውም ጉቦኛ ነው ብላ ያኔውኑ ከእኔ ጋር በሌላ ማር ተወራርዳለች። በእሱ እንኳ ሳልረታት አልቀርም።"