ለዝናሽ ልጅ መድኃኒት ፍለጋ ከስማዳ እስከ እስቴ

በዐቢይ ጾም፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ከስማዳ ገጠር ተነስቼ ወደ እስቴ መንገድ ጀመርኩ። የታላቅ እህቴ የዝናሽ የመጀመሪያ ልጅ ሆዱ ተነፍቶ፣ ተቅማጥ ይዞት፣ ክርስትና ሳይነሳ ሞቶባታል። አሁን ደግሞ መውለጃዋ ተቃርቧል። ወገዳ ጤና ጣቢያ ተራ ስትጠብቅ አንዲት የከተማ ሴት፣ ነፍሰ ጡር ከዋጠችው የሕፃኑን አንጀት የሚያጠነክር ክኒን እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ እንዳለ ነገረቻት። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣች። ባሏ ለቀን ሥራ ቆላ ወርዷልና የምሄደው እኔ ሆንኩ። ከወገዳ ገበያ አልፌ አላውቅም ነበር።

ወደ መካነ ኢየሱስ

ወገዳ ድረስ በእግሬ ሄጄ አውቶብስ ተሳፈርኩ። መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ አቧራው በመስኮት ይገባል። የገብሱ ማሳ ታጭዶ ከብት ተለቆበታል። ረዳቱ ወዴት እንደምወርድ ሲጠይቀኝ ድምፄ አልወጣ አለ።

"እህቴ፣ ከንግግርም ነው እንዴ የምትጾሚው?" ሲል ተሳፋሪው ሳቀ። ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ላይ ሰው እስኪያልቅ ቆምኩ። ባለመድኃኒቱ ወጣት ነው። ክኒኑ ለአንጀት የሚጠቅም ባክቴሪያ እንዳለበት፣ እርጎ ውስጥ ከሚገኘው ጋር እንደሚመሳሰል አስረዳኝ።

"ታዲያ ፍስክ ነው?" አልኩት።

"እሱን ቄስ ጠይቂ" ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ ግን ኮስተር አለ። "እናት ስለዋጠችው ልጇ አይታመምም ብዬ አልምልልሽም፤ የተማሩትም ገና አልተስማሙበትም። ሲወለድ ግን ምንም ነገር አታቅምሱት። የመጀመሪያውን ቢጫ ወተት ይጥባ። ለአንጀቱ ከዚህ ክኒን ያ ይበልጥለታል።"

ክኒኑን ግን ገዛሁ። በባዶ እጄ ብመለስ የዝናሽን ፊት ማየት አልችልም።

ስመለስ

የዚያን ቀን መኪና ስላልነበረ አንዲት ያገራችን ሴት ቤት አደርኩ። ሽሮ አበላችኝ። በማግስቱ ወገዳ ስደርስ የንስሐ አባታችንን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አገኘኋቸው።

"አባ፣ ዝናሽ ጾመኛ ናት። ይህ የእርጎ ዓይነት ነው አሉኝ፤ ትዋጠው?"

"መድኃኒት አይደለም እንዴ ልጄ? ፈቅጃለሁ በያት።"

ዳገቱን በደስታ ወጣሁት።

ቤት

ስደርስ ዝናሽ ወልዳለች። አማቷ እማማ የሻሽ ወንድ ልጅ ታቅፈዋል፤ ከንፈሩ በቅቤ ያብለጨልጫል። ጾም ስለሆነ ቤት ውስጥ ቅቤ አልነበረም፤ ለመድኃኒት ካስቀመጠ ጎረቤት ተለምኖ ነው የመጣው።

"እማማ፣ ቢጫው ወተት..." አልኩ።

"እሱማ ታልቦ ፈሰሰ። ቆሻሻ ነው፣ ሆድ ያሳምማል። አንጀቱን በቅቤ አለሰለስኩለት። ደግሞ አንቺ ከመቼ ወዲህ ነው አዋላጅ የሆንሽው?"

ሴቶቹ ሳቁ። እማማ የሻሽ ግን ሕፃኑን እያዩ "ይኑርልኝ፣ ይኑርልኝ" ይሉ ነበር። ለመጀመሪያውም እንዲሁ አድርገውለት ነበር።

ዝናሽ ክኒኑን ከእጄ ተቀብላ፣ "አሁን ብውጠው ይደርስለታል?" አለችኝ። ልጁን ወስጄ ጡቷ ላይ አደረግሁት፤ ትንሽ ጠባ።

ሳምንት ሳይሞላው ሆዱ ተነፋ። ጤና ጣቢያ ልናደርሰው ይዘነው ስንወርድ መንገድ ላይ አረፈ። ቅቤው ይሁን ሌላ፣ ማንም አልነገረን።

ያን ሁሉ መንገድ ስሄድ፣ ሕፃኑን የሚቀበሉትን እማማ የሻሽን አንድ ቃል ሳላማክራቸው ነበር። አሁን በሰፈራችን ሆዷ የገፋ ሴት ሳይ፣ እያፈርኩም ቢሆን፣ ስለ ቢጫው ወተት ላጫውታቸው አማቷ ዘንድ ሄጄ እቀመጣለሁ።