አያቴ ያስጾሟቸው ዓሦች

አያቴን ሰው ሁሉ በደግነታቸው ያነሣቸዋል፤ እኔ የማነሣቸው ግን ዓሣ በማስጾማቸው ነው።

ከባሕር ዳር ሁለት ዓሦች በመስታወት ገንዳ ይዤላቸው ቡሬ ስገባ፣ የምግባቸውን ቆርቆሮ አሽትተው «የደረቀ ትል? ትልም ሥጋ ነው!» አሉ። የእህል ነጋዴ ነበሩና እርጥበት እንዳያገኘው በላስቲክ ጠቅልለው ከዘር ጤፋቸው ጎን አኖሩት። ረቡዕና ዓርብ አይከፈትም፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የተቀቀለ አተር ልጠው፣ በጣታቸው አድቅቀው ይሰጧቸው ነበር።

«አባባ፣ ዓሣ ይጾማል እንዴ?» ብላቸው፣

«እነሱስ ለመዱ፤ መጾም ያቃተህ አንተ ነህ» አሉኝ።

አያቴ በተቀበሩ ሳምንት፣ ዓርብ ጠዋት ቆርቆሮውን አነሣሁ። የሚቆጣኝ የለም። ዓሦቹ አፋቸውን ከፍተው ወደ ላይ መጡ። መልሼ ጠቀለልሁት። አተሩን ጥጄ፣ ቁርሴን ትቼ፣ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ከዓሦቹ ጋር ተቀመጥሁ።