መቃብር የሚቆጥረው ሰው

ይሄይስን መጀመሪያ ያየሁት በቤተ ክርስቲያናችን አጸድ፣ ትንንሾቹ መቃብሮች መሀል ቁጢጥ ብሎ ነው። በዱላው አንዱን ጉብታ ለካ፤ ተነሥቶ ሌላውን ለካ፤ ከዚያ ከደረት ኪሱ ወረቀት አውጥቶ ጻፈ። በስመ አብ አልኩ። በጠራራ ፀሐይ ሙታን የሚቆጥር ሰው ምን ይባላል? ሙት ሳቢ ነዋ! በማግስቱ መንደሩ ሁሉ እንደዚያ ይጠራው ጀመር። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ አልክድም።

ሰውዬው ከሰቆጣ የመጣ ጤና ረዳት ነበር። ከደርግ ጊዜ ጀምሮ ሥራው ይሄው ነው፤ ወረርሽኝ ገባ በተባለበት ሁሉ መኪና የማይደርስበትን አገር በእግሩ ማዳረስ። እኛ አገር ፃግብጂም የመጣው እንደዚሁ ነው። የሰቆጣ ዙሪያ ገበሬ ልጅ ስለሆነ ኽምጣኛን እንደኛው ይናገራል፤ እኔን የባሰ ያስጠረጠረኝም ይሄ ነው። አማርኛ ብቻ የሚያወራ ሹም ቢሆን ፊቱ ቆመን በቋንቋችን እንመካከርበት ነበር። ይሄ ግን ሁሉን ይሰማል፤ ሰምቶም ዝም ይላል። ደግሞ በሶውን በከረጢት ይዞ ይዞራል እንጂ ከማንም ቤት አይቀምስም። መርዝ ፈርቶ ነው፣ በደል ቢኖርበት ነው አልን። ከተራበ ሰው ቤት አልበላም ብሎ እንደሆነ ያወቅነው ቆይተን ነው።

ዘመኑ ዘጠና ሁለት ነው፤ ዝናብ ከቀረ ሁለተኛ ዓመቱ። ባሌ ደረሰ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ እንደወረደ አልተመለሰም። እኔና ሁለቱ ልጆቼ የምንኖረው በእርዳታ ስንዴ ነበር፤ መዝገብ ላይ ለሰፈረ ለእያንዳንዱ ሰው በወር አሥራ ሁለት ኪሎ ተኩል። የሞተ ይሰረዛል። መዝገቡን የያዘው ደግሞ ምሳው የሚባል፣ ከወንዙ ማዶ የሚኖር፣ ለእናቱም የማያዝን ሰው ነበር።

ስለዚህ ኩፍኝ ገብቶ ልጆቻችንን ሲያረግፍብን አላለቀስንም። ይሄን ስናገር ዛሬም ያመኛል። ሰው ሞቶ አለማልቀስ በአገራችን ታይቶ አይታወቅም። እኛ ግን ሰባት ልጅ በዝምታ ቀበርን። ቄስ ወልደ ጻድቅ ጸሎቱን በለሆሳስ ያደርሳሉ፤ እናት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። የኔ ካሳ አምስተኛው ነበር። ለጠየቀኝ ሁሉ አበርገሌ ያለችው አክስቱ ወስዳዋለች እላለሁ።

ይሄይስ ቤት ለቤት እየዞረ ኩፍኝ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። የለም አልነው። የሞተ ልጅስ? እግዜር ይመስገን፣ ሁሉም ደህና ነው አልን። እሱ ግን አፍንጫውን ወደ ጓዳ ቀና አድርጎ ያሸታል። ኩፍኝ በገባበት ቤት ሽታ ሕመሙን ያባብሳል ተብሎ እህል አይቆላም፤ ይሄን እንደኛው ያውቃል። ከመንደሩ ሲወጣ፣ ቆሎ የሚቆላ ቤት እንኳ አጣሁ ብሎ ፈገግ ሲል አንጀቴ ተቃጠለ። ስንዴያችንን ሊያስቆርጥ የተላከ የምሳው ሰላይ ነው ብዬ ለሴቶቹ ሁሉ ነገርኩ።

በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ጉብታዎቹን እንደገና ቆጠረና በቀጥታ ወደኔ ደጅ መጣ። የሁለት ዓመቷ እየሩስ ቀሚሴን ይዛ ቆማለች። የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት፤ የጎረቤቴን ልጅ ደግሞ ያን ቀን ትኩሳት ይዞታል። ይሄይስ ልጅቷን አየት አድርጎ፣ ክትባት ከሰቆጣ እንዲመጣ ስንት ልጅ እንደታመመና እንደሞተ፣ መቼ መቼ እንደሆነ ከእናት አፍ ሰምቶ መጻፍ እንዳለበት ነገረኝ። በፊት መቃብር ቆጠርኩ ብሎ ጽፎ አለቆቹ ስቀውበት ነበር። ስም አልጽፍም፣ ዕድሜና ቀን ይበቃኛል አለ።

ወረቀቱንም ዘረጋልኝ። ፊደል ለማላውቅ ሴት ወረቀት ማሳየት! ደሜ ፈላ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሬሳ ቆጥረህ ልትበላ ነው? ወግድ ከደጄ!» አልኩት።

አልተቆጣም። ወረቀቱን አጥፎ እጄ ላይ አኖረው።

«ያዥው። ለምታምኚው ሰው አስነብቢው። የኔ ስም ከታች አለ፤ የሌላ የማንም ስም ካገኘሽበት ቅደጂው» ብሎ ወደ አጸዱ ጥላ ሄዶ ተቀመጠ።

ቄስ ወልደ ጻድቅ ጋ ሮጥኩ። ወረቀቱ ይሄይስ ከየመንደሩ የሰበሰበው ነው። ሴት፣ ሦስት ዓመት፣ ማክሰኞ ታመመች፣ እሑድ ሞተች። ወንድ፣ ዓመት ከመንፈቅ። እንዲህ እያሉ አሥራ ዘጠኝ ልጅ አነበቡ። ስም የለም። መጨረሻው ላይ ሰባት ልጆች፣ እናቶቻቸው አልተናገሩም የሚል አለ። ቄሱ ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። እውነቱን ልናገር፣ ያኔም አላመንኩትም፤ ከኋላው አንድ ተንኮል አለ የሚለው ሐሳብ ከልቤ አልወጣም። ግን እየሩስ አለች።

ሄጄ ወረቀቱን መለስኩለት። ወንድ ነው፣ አምስት ዓመቱ፣ ዓርብ ታመመ፣ ረቡዕ ሞተ አልኩት። ጻፈ። በዚህ ይበቃ ነበር፤ ሌላ የጠየቀኝም የለም። አፌ ግን አልዘጋም አለኝ።

«ካሳ ነው ስሙ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ የሆንኩትን ያዩት ናቸው የሚያውቁት። ሦስት ሳምንት የታፈነው ለቅሶ ባንዴ ወጣ፤ ደረቴን ደቃሁ፣ ፊቴን ነጨሁ፣ ልጄን በስሙ ጠራሁት። ሴቶቹ ከየቤቱ ወጡ። እያንዳንዷ የራሷን ልጅ እየጠራች አለቀሰች፤ ይሄይስም ከንፈሩን ነክሶ ዕድሜና ቀን ሲጽፍ ዋለ።

በስምንተኛው ቀን በረዶ ያለበት የክትባት ሳጥን በበቅሎ ተጭኖ መጣ። እየሩስ ስትወጋ ጩኸቷን አቀለጠችው። ከዚያ ወዲያ በመንደራችን አንድ ልጅ ብቻ ነው የሞተው፤ ያ ትኩሳት ይዞት የነበረው የጎረቤቴ ልጅ።

በወሩ ስንዴ ልንቀበል ስንሰለፍ ምሳው መዝገቡን ገልጦ ካሳ ተሰርዟል አለኝ። የሌሎቹ የስድስቱም እንደዚሁ። አላልኳችሁም? አልኩ። ስንዴዬን ሳላስፈጭ ሰቆጣ ሄድኩና ጤና ጣቢያው ደጅ ላይ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ ይሄይስ ላይ የስድብ መዓት አወረድኩበት። ሌባ አልኩት፣ ይሁዳ አልኩት። ገብቶ የወረቀቱን ግልባጭ አመጣና ደግመሽ አስነብቢ ብሎ ሰጠኝ።

አላስነበብኩም። በቀጥታ ምሳው ቤት ሄጄ፣ የልጆቻችንን ስም ያቀበለህ ይሄይስ ነው አይደል ብዬ አፋጠጥኩት። እንደ ጅል አየኝ።

«ማንም አልነገረኝ። ማዶ አይደለሁ እንዴ? ካሳ፣ ካሳ ስትይ ሰማሁሽ» አለ።

በልጄ ላይ የመሰከረው የገዛ ድምፄ ነው። ስንዴው አይቆጨኝም፤ ያን ለቅሶ አንዲት ቀን እንኳ ጨምሬ ላፍነው ብል ያፈነዳኝ ነበር። ይሄይስን ግን ሌባ ያልኩት በሕዝብ ፊት ነው፤ ይቅርታ የጠየቅኩት ብቻችንን ሆነን።