የሰባት ቁጥር ዘመድ

ምድር ቤት፣ ከባልዲና ከመጥረጊያ ጎን በተሰጠቻት ክፍል የምትቀመጠው ሴትዮ የሆስፒታሉ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ናት። ሥራዋ ምን እንደሆነ ከአለቃዋ ጀምሮ የሚያውቅ የለም። ሐኪሙ መርዶ ለመንገር ወኔ ሲከዳው እሷን ያስጠራል፤ ቧንቧ ሲፈነዳም ያው እሷ ናት። የጫማዋ ተረከዝ በአንድ ወገን ተበልቶ አልቋል፤ ቦርሳዋ ግን እንደ እርጉዝ ፍየል ተነፍቷል።

አለቃዋ ሰኞ ሰኞ ሠራተኛውን ሰብስቦ "ሙያ ማለት ርቀት ነው! ከታካሚ ጋር ዝምድና ክልክል ነው!" እያለ ይደሰኩራል። ርቀቱንስ ተክኖበታል፤ በሦስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ የታካሚ ክፍል ረግጦ አያውቅም። እሷ ከፊት ተቀምጣ አንገቷን እየነቀነቀች ትጽፍለታለች።

ዛሬም በዲስኩሩ መሐል ስልኳ ከቦርሳዋ ሆድ ጮኸ። የደወለችው የላይኛው ፎቅ አዲሷ ነርስ ናት፤ ጠያቂ የሌላቸው የሰባት ቁጥር አልጋው ሽማግሌ የቀዶ ጥገና ተራቸው ደርሷል፤ ዘመድ አሁኑኑ ካልፈረመ ተራው ለሌላ ሊሰጥ ነው።

"ይቅርታ ጋሼ፣ የቤተሰብ ጉዳይ ገጠመኝ" ብላ ተነሣች።

"ሂጂ፣ ሂጂ፤ ቤተሰብ ይቀድማል" አለ አለቃው፣ በገዛ ደግነቱ ልቡ ተነክቶ።

እያለከለከች ደረጃውን ወጥታ ብዕሯን ስትመዝ፣ ነርሷ ቅጹን ያዝ አደረገችው።

"እትዬ፣ ምናቸው ነዎት?"

"ልጃቸው።"

"ትናንት የአሥራ አንድ ቁጥሯ እህት ነኝ ብለው ፈርመው አልነበር?"

"ምን ላድርግ እናቴ፣ ዘራችን ብዙ ነው።"

ይኼኔ ሽማግሌው ከተሽከርካሪው አልጋ ላይ አንገታቸውን ቀና አድርገው ተቆጡ፦

"ዛሬም አረፈድሽ! ከልጅነትሽ ጀምሮ እንዲህ ነሽ!"

ነርሷ ቅጹን ለቀቀችው።