በገዛ አፌ የሰጠሁት የነፋስ ወፍጮ

ቅናት ኃጢአት መሆኑን አላጣሁትም። የነፍስ አባቴም ነግረውኛል፤ ስግደት ሰጥተውኛል፤ ሰግጃለሁ። ስግደቱ ጉልበቴን አደከመው እንጂ ቅናቴን ንክች አላደረገውም። ስለዚህ ሳልደብቅ ልናገር፦ እህተ ማርያም ሆላንድ ደርሳ የተመለሰች ጊዜ፣ ለሳምንት ያህል እህል በጉሮሮዬ አልወርድ ብሎኝ ነበር።

እናኑ እባላለሁ። ፍኖተ ሰላም ከተማ ዳር፣ ወደ ጅጋ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የአሥራ ሁለት ሴቶች ማኅበር ያቋቋምነው ወፍጮ ቤት አለ፤ እዚያ ፈጪ ነኝ። ሙያው ከአባቴ የመጣ ነው። አባቴ ብር ወንዝ ላይ የውሃ ወፍጮ ነበረው። ወንድ ልጅ አልወለደም፤ መውቀሪያውን ያስጨበጠው እኔን ነው። የወፍጮ ድንጋይ ሲፈጭ ከርሞ ጥርሱ ያልቃል፤ ዱቄቱም እየሞቀና እየሸካከረ ይወርዳል። ያን ጊዜ የላይኛውን ድንጋይ አንሥተው ይገለብጡና ጥርሱን በመውቀሪያ ቀስ እያሉ እንደገና ያወጡለታል። መውቀር የምንለው ይህንን ነው። አብዝተው ካጠለቁት እህሉ ሳይደቅ ያልፋል፤ ካሳነሱት ይቃጠላል። እኔ ድንጋዩ ሲዞር በድምፁ ብቻ የቱ ጋ እንደለሰለሰ አውቃለሁ። ይህን ስል መኩራራት ከመሰለ ይምሰል።

እህተ ማርያም ከቡሬ እዚህ ተድራ የመጣች ሴት ናት። ከስድስት ዓመት በፊት ማኅበሩ ውስጥ ስትገባ መውቀሪያ በየት በኩል እንደሚያዝ አታውቅም ነበር። አጠገቤ አስቀምጬ፣ እጇን በእጄ ይዤ አስተማርኳት። ጎበዝ ሆነች፤ እሱን አልክድም። ግን ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ዐምና መስቀል እንዳለፈ፣ ወፍጮውን በመግዛት ያገዘን ፕሮጀክት እንግዳ አመጣብን። አንዲት ረጅም የሆላንድ ሴት፣ ከእሷ ጋር ደግሞ ሰብሊ የምትባል አስተርጓሚ፤ ሰብሊ የዚሁ የፍኖተ ሰላም ልጅ ናት። ፈረንጇ ድንጋዩን ዳሰሰች፤ ዱቄቱን በጣቷ አሸት አሸት አደረገች፤ ደስ አላት። ከዚያ እኔንና እህተ ማርያምን ጎን ለጎን አቆመችና አንድ ነገር ተናገረች።

«ከሁለታችሁ ድንጋይ በመውቀር የምትበልጠው ማን ናት? ነው የምትለው» አለች ሰብሊ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። የጎጃም ሰው ይህን ሲጠየቅ ምን ይላል? «እኔ ነኝ» ይላል? እናቴ እንዲህ ስል ብትሰማኝ ከመቃብሯ ተነሥታ ትቆነጥጠኝ ነበር። ሁለት ሰው በር ላይ ሲገናኝ «ይግቡ»፣ «ኧረ አንቱ ይቅደሙ» ሲባባል ወጡ የሚቀዘቅዝበት አገር ነው አገራችን። ደንቡን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል፦ እኔ «እሷ ናት» እላለሁ። እሷ ደግሞ ቀበል አድርጋ «ኧረ እኔ ምን አውቄ! እኔንስ ያስተማረችኝ እሷ አይደለች?» ትላለች። እኔ አንገቴን ደፋ አደርጋለሁ፤ እውነቱም በሰው አፍ ይወጣል።

«እሷ ናት» አልኩ፤ በእጄም ወደ እህተ ማርያም አመለከትኩ።

ከዚያ ጠበቅሁ። እህተ ማርያም ዝም አለች። ዐይኗን መሬት ላይ ተክላ ዝም። ፈረንጇ ደብተሯ ላይ ጻፈች።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ለአሥራ አምስት ቀን ሥልጠና ሆላንድ የምትሄደው እህተ ማርያም መሆኗ ተነገረን። ጥያቄው ለዚህ እንደነበር ማን ነገረኝ? ወደ ሊቀ መንበራችን ወደ እትዬ በለጠች ሮጥኩ።

«እትዬ በለጠች፣ እኔ እኮ እንዲያው ለወጉ ብዬ ነው የተናገርኩ! እርስዎ ያውቁታል» አልኳቸው።

«አውቃለሁ፤ አዎን አውቃለሁ። ግን አንቺው መሰከርሽላት፤ አሁን እኔ ምን ብዬ ልመልሰው? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ እናኑ» አሉኝ።

ታኅሣሥ ላይ ሄደች። ስትመለስ እኔም እንደ ሰው አንድ ኪሎ ስኳር ይዤ «እንኳን ደህና ገባሽ» ልላት ሄድኩ። ቤቷ ጢም ብሏል። መደቡ ላይ ያሉት ትልልቅ ሰዎች ለእሷ ተጠጋግተው ቦታ ለቀውላታል። እኔ በር አካባቢ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ።

ሥልጠናው ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አልሰማሁም። እህተ ማርያም የምታወራው ስለ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሑድ ዕለት ለሽርሽር ስለወሰዷቸው ስለ ወፍጮዎቹ መንደር። ከአምስተርዳም በባቡር ቢሄዱ ግማሽ ሰዓት አይሞላም አለች። ከጣቢያው ወጥተው ድልድይ ሲሻገሩ ነፋሱ ነጠላዋን ሊነጥቃት ደረሰ። ድልድዩ ላይ ቆመው ሲያዩ፣ ውሃው ዳር አረንጓዴ የተቀቡ የእንጨት ቤቶች፤ ከቤቶቹ በላይ ደግሞ አራት አራት ክንፍ ያላቸው ወፍጮዎች ይዞራሉ። አንዱ ግንድ ይሰነጥቃል፤ አንዱ የቀለም ድንጋይ ይፈጫል፤ አንዱ ከተልባ ዘይት ይጨምቃል። ነፋሱ አቅጣጫ ሲለውጥ ባለ ወፍጮው ውጭ ይወጣና የወፍጮውን አናት በመዘውር አዙሮ ፊቱን ለነፋሱ ይሰጠዋል። ሰው ከዓለም ዙሪያ ትኬት ቆርጦ ወፍጮ ሊያይ ይሰለፋል።

«እህል ይዘው ነው?» አሏት አንዲት አሮጊት።

«ኧረ እማማ፣ አንድ ጣሳ እህል አልያዙም! ወፍጮውን ለማየት ብቻ ነው።»

እዚህ ላይ አባቴ ትዝ አለኝ። የናፍጣ ወፍጮ ሲመጣ የአባቴ ወፍጮ ተዘጋ፤ ድንጋዩ ዛሬ ብር ወንዝ ዳር ልብስ ማጠቢያ ነው። የቅርብ ጠበል ልጥ መንከሪያ ይሆናል ይባል የለ? እነሱ ወፍጮአቸውን ቀለም ቀብተው ያስጎበኛሉ፤ የአባቴ ወፍጮ ላይ ካልሲ ይሰጣበታል። የእህተ ማርያም ሳይበቃኝ በሆላንድ ሰዎች ሁሉ ቀናሁ።

አይብም አለ አሉ፤ በየሱቁ እየተቆረሰ በነጻ የሚቀመስ። ወቅቱ የነቢያት ጾም ስለሆነ እሷ አልቀመሰችም። «በአፍንጫዬ ብቻ አየሁት» ስትል ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ «ተባረኪ፣ ተባረኪ» አሏት። አይብ ባለመብላቷ እንኳ ተመረቀች። እኔ አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ስጾም አንድ ቀን ማን መረቀኝ?

ቀጥላ ስልኳን አወጣች። ቪዲዮው ውስጥ፣ ከወፍጮዎቹ አንዱ ውስጥ ገብታለች። አንድ ሽማግሌ ፈጪ ድንጋዩን ገልብጦ ሊወቅር ተዘጋጅቷል። እህተ ማርያም ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታስርና መውቀሪያውን ትቀበለዋለች። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። እጇ ያለው ምት የእኔ ምት ነው፤ ከአባቴ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሷ የሄደ። ሽማግሌው መዳፉን ድንጋዩ ላይ አስኬደ፤ ሳቀ፤ በቋንቋው አንድ ነገር ጠየቃት። እሷም በአማርኛ መለሰች፦

«ያስተማረችኝ እናኑ ናት። እናኑ ከእኔ ትበልጣለች።»

ሽማግሌው ምንም ሳይገባው ራሱን ነቀነቀ። ቤት ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። እኔ ፈገግ አልኩ፤ ምን ላድርግ? በልቤ ግን፦ ቃሉን ታውቀዋለች ማለት ነው! ፍኖተ ሰላም ላይ የጠፋት ቃል ሆላንድ ላይ ተገኘላት፤ አማርኛ የሚሰማ በሌለበት አገር!

ከዚያ በኋላ እህል ሊያስፈጭ የመጣ ሁሉ ያን ወሬ ይጠይቃታል፤ ወሬው እየተደጋገመ በቃሌ ያዝኩት። ስትሳሳት እኔ አርማት ጀመር። «መጀመሪያ ድልድዩ ነው፣ ቤቶቹ ቀጥሎ ናቸው» እላታለሁ። እሷም «አዎን፣ ልክ ነሽ» ብላ ታስተካክላለች።

አንድ ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን፣ እህተ ማርያም የለችም። ከፈረስ ቤት ከተማ የመጡ አንድ አዛውንት ጤፋቸውን አስመዝነው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ሆላንድ ደርሳ መጣች የሚሏት አንቺ ነሽ፣ ልጄ?» አሉኝ።

አይደለሁም ማለት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። እኔ ግን «ከባቡሩ ስንወርድ ነፋሱ ለጉድ ነው» ብዬ ጀመርኩ። ድልድዩን ነገርኳቸው፤ አረንጓዴዎቹን ቤቶች ነገርኳቸው፤ አይቡን እምቢ አልኩ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩና ድንጋዩን ወቀርኩ። ሲጣፍጥ! እህተ ማርያም እንኳ እንዲህ አሳምራ ነግራው አታውቅም።

«ወይ መታደል! ሽማግሌው ታዲያ ምን አለሽ?» አሉኝ።

«ማን አስተማረሽ? አለኝ።»

«ማን አስተማረኝ አልሽው?»

ዱቄት የምጠርግ መስዬ ጎንበስ አልኩ። በዚህ ወሬ ውስጥ የሚጠራው ስም የእኔው ስም ነው። ቀና ስል እህተ ማርያም በሩ ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም፤ ፊቷን ሳየው ግን ብዙውን መስማቷ ገባኝ።

አንድ ቃል ብትናገር ገበያው ሁሉ ይስቅብኝ ነበር። ገባችና ወደ አዛውንቱ ዞራ «አባ፣ የአንቱ ጤፍ ደርሷል፤ ጆንያዎን ይያዙልኝ» አለች። ያን ቀንም፣ ከዚያ ወዲህም ለማንም ትንፍሽ አላለች። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ብትናገር ግን ይሻለኝ ነበር። በየጠዋቱ «እንዴት አደርሽ» ስትለኝ ያ ነገር አብሮ ሰላም ይለኛል።

ዘንድሮ ፈረንጇና ሰብሊ ተመልሰው መጡ። አሁን ጥያቄው ምን እንደሚያመጣ ማኅበሩ በሙሉ ያውቃል። እኔ ለብቻዬ መስታወት ፊት ቆሜ «እኔ ነኝ» ማለት ስለማመድ ከርሜያለሁ፤ አፌ ግን እምቢ አለኝ። ጎን ለጎን አቆሙን። ሰብሊ ያንኑ ጥያቄ ደገመችው። ገና ሳትጨርስ እህተ ማርያም እጇን ወደ እኔ ዘረጋች።

«እሷ ናት» አለች።

ተራው የእኔ ነበር። «ኧረ እኔ ምን አውቄ» የሚለው ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነው፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። እህተ ማርያም አየችኝ። ትጠብቃለች፤ ዐምና እኔ እንደጠበቅሁት። እኔ ግን ነፋሱ ነጠላዬን ሲነጥቀኝ ታየኝ። ድልድዩ ታየኝ። ያ ሽማግሌ መውቀሪያውን ሲያቀብለኝ ታየኝ። ዐይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። ፈረንጇ ጻፈች።

እዚያው ቆሜ ነው የገባኝ። ዓመት ሙሉ «አታላይ፣ ነጣቂ» ስላት ከረምኩ። እሷ ምንም አላታለለችም። መመረጡን በጣም ፈልጋ አፏ ተሳሰረ፤ ሌላ ተንኮል አልነበረባትም። ይህን ማወቄ ቅናቴን ያበርደዋል ብዬ ነበር። አላበረደውም፤ ምክንያቱም እሷ ቢያንስ ሆላንድ ላይ ስሜን ጠርታለች።

ነገ እሄዳለሁ። ትናንት እህተ ማርያም ካፖርቷን አጥፋ በፌስታል ይዛልኝ መጣች።

«ነጠላ የዚያን አገር ነፋስ አይመልሰውም። ድልድዩ ላይ ሳትደርሺ ቆልፊው» አለችኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኳት።

ልትወጣ በሩን ይዛ ቆመች። «ወደዚያ መንደር ከወሰዱሽ፣ እናኑ... ሽማግሌው መውቀሪያውን ሲሰጥሽ ስሜን አንሺልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«እኔ እንዳልኩት። ከእኔ ትበልጣለች በይ።»

«አማርኛ አይሰሙም እኮ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች።

«እሺ» አልኳት። እሷ ከሄደች በኋላ ካፖርቱን ለበስኩት፤ ልክክ አለ። አማርኛ የሚሰማ በሌለበት አገር እንዲህ ብሎ መናገር ቀላል ይመስለኝ ነበር። ከትናንት ጀምሮ፣ ብቻዬን በሆንኩ ቁጥር፣ «እህተ ማርያም ከእኔ ትበልጣለች» ልል እሞክራለሁ። ቤቱ ውስጥ ሰው የለም፤ የሚሰማኝ የለም። እስካሁን አልወጣልኝም።